ቴንስ ማሽን የት ይለጠፋል? ስንት ደቂቃ? ለማንስ አይሆንም?

የዚህ ዕትም ጥያቄዎች ከባሕር ዳርና ከጣና ዳር የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ዕቃ ላይ ነው፤ ዘመድ ከውጭ የላከው ወይም ከገበያ የተገዛ፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ ገመድና ተለጣፊ ያለው፣ በቆዳ ላይ በሚሰጥ ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሠራ፣ ቴንስ የሚባል የሕመም ማስታገሻ። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገናል።

ጥያቄ፦ እናቴ 64 ዓመቷ ነው። ሁለቱም ጉልበቷ ያማታል። ራጅ ተነሥታ «መገጣጠሚያው ተበልቷል» ተብላለች። በሁዳዴ ስግደት ሲበዛ ይብስባታል። እኅቴ ከአሜሪካ ቴንስ የሚባል ማሽን ላከችላት። አራት ፓድ፣ ሁለት ገመድና ብዙ ቁልፍ አለው፤ መመሪያው እንግሊዝኛ ነው። የት ይለጠፋል? በስንትስ ይከፈታል? (ከሽምብጥ)

መልስ፦ ከሁሉ በፊት እናትዎን የሚከለክላቸው ነገር እንደሌለ ያረጋግጡ። ፔስሜከር የሚባለው የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰው ይህን ማሽን አይጠቀምም። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ እግሩ ላይ የደም መርጋት ያለበት ወይም በካንሰር የሚታከም ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምርም። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ጉልበት ላይ መሞከሩ በአብዛኛው አያሰጋም።

ጉልበቱን በሳሙናና በውኃ አጥበው በደንብ ያድርቁ። ቅቤ ወይም ቫዝሊን የነካው ቆዳ ላይ ፓድ በደንብ አይይዝም። ቢይዝም ቅባት ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ በፓዱ ስፋት ሁሉ መሠራጨት የነበረበት ንዝረት ቅባት ባልነካው ጥቂት ቦታ ተሰብስቦ እንደ መርፌ ይወጋል። «ማሽኑ ይናደፋል» ብለው ወደ መሳቢያ የሚመልሱት ብዙዎች ችግራቸው ይኸው ነው። ፀጉር ከበዛ በመቀስ ይከርከም፤ ምላጭ የማይታይ ጭረት ትቶ ቆዳውን ያሳርራል።

እያንዳንዱ ገመድ ሁለት ፓድ ይይዛል። አንድ ጉልበት ብቻ የሚታከም ከሆነ አራቱንም በመስቀል ቅርጽ ይለጥፏቸው። የመጀመሪያው ገመድ አንዱ ፓድ ከሎሚው በላይ በውስጥ በኩል፣ ሌላው ከሎሚው በታች በውጭ በኩል ይሆናል። ሁለተኛው ገመድ ደግሞ በተቃራኒው። ሁለቱን ጉልበት በአንድ ጊዜ ለማከም ለየጉልበቱ አንድ ገመድ ይስጡና ሁለቱን ፓዶች ከመገጣጠሚያው ግራና ቀኝ ያድርጉ። ሎሚው ላይ አይለጠፍም፤ አጥንቱ ወጣ ያለ ስለሆነ ፓዱ ጫፍ ጫፉን ይነሣል። በፓድና በፓድ መካከል ቢያንስ ሁለት ጣት፣ ማለትም 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ማሽኑ ጠፍቶ ነው።

ከቁልፎቹ መካከል አንዱ የንዝረቱን ዓይነት ይመርጣል፤ የማያቋርጠውን ይምረጡ። በሄርዝ የሚቆጠረውን ፍጥነት ከ80 እስከ 100 ያድርጉት። በማይክሮሰከንድ የሚቆጠረውን የእያንዳንዷን ምት ስፋት 100 ላይ ያቁሙት። ሰዓቱን 30 ደቂቃ ይሙሉ። የቀረው ኃይሉ ነው፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ማዞሪያው ላይ የተጻፈው ቁጥር መለኪያ አይሆንም፤ ለእናትዎ 4 ቁጥር የሚበቃ ከሆነ ለጎረቤታቸው 6 ሊያስፈልግ ይችላል። ቀስ እያሉ ያዙሩ። መጀመሪያ ውርር ሲያደርጋቸው «ተሰማኝ፣ ይበቃል» ይላሉ፤ አይበቃም። ጠንካራ ሆኖ ግን የማያሳምም፣ ጡንቻቸውንም የማያሸማቅቅ ንዝረት እስኪሆን ድረስ ይጨምሩ። ከ5 ወይም ከ10 ደቂቃ በኋላ ስሜቱ ይደበዝዛል፤ ያኔ ትንሽ ይጨመራል። ደካማ ንዝረት ማሽኑ እንዳልተከፈተ ይቆጠራል።

ማሽኑ በርቶ ሳለ እናትዎ አይተኙ፣ ጋቢ ለብሰውም አይቀመጡ። የቴንስ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው እየሠራ ሳለና ከጠፋ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ነው። ስለዚህ ሕመሙ በቀነሰበት ግማሽ ሰዓት ውስጥ ጉልበቱ መሥራት አለበት። ጋቢ ጠቅልለው ከጉልበታቸው ሥር ያድርጉና ወደ ታች ተጭነው 5 ሰከንድ ይያዙ፤ 10 ጊዜ። ከዚያ ከፍ ካለ ወንበር ተነሥተው ይቀመጡ፤ 8 ጊዜ፣ አርፈው ደግሞ 8 ጊዜ። ከበርጩማ ወይም ከዱካ ላይ መነሣት ለዚህ ጉልበት ስለሚከብድ ቡናውም ከፍ ባለ ወንበር ላይ ሆነው ቢፈላ ይሻላል። ስግደቱን በቁም ጎንበስ በማለት መተካት ይቻል እንደሆነ የነፍስ አባታቸውን ይጠይቁ።

እውነቱን ለመናገር፣ የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የመገጣጠሚያ መበላት መመሪያ ቴንስንም አልትራሳውንድንም (በድምፅ ሞገድ የሚደረገውን ሕክምና) አትስጡ ይላል። እንቅስቃሴንና ክብደት መቀነስን ግን ያስቀድማል። በሌላ በኩል በዚያው ዓመት የታተመና 381 ጥናቶችን ያሰባሰበ ትንታኔ ቴንስ በሚሠራበት ሰዓትና ወዲያው ከዚያ በኋላ ሕመምን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሁለቱ አይጣሉም። ለዚያች ግማሽ ሰዓት ይጠቅማል፤ የተበላውን መገጣጠሚያ ግን አይመልስም።

ጥያቄ፦ ማሽኑ ሕመሙን ይደብቃል እንጂ ያድናል? ብዙ ከተጠቀሙበትስ ነርቭ አይገድልም? (ሦስት አንባቢያን)

መልስ፦ ነርቭ አይገድልም። ራሳችሁን ግንብ ሲመታችሁ ወዲያው በእጃችሁ የምታሹት ለምን ይመስላችኋል? መታሸትንና መነካትን የሚያደርሱት ነርቮች ወፍራምና ፈጣን ናቸው። የእነሱ መልእክት ህብለ ሰረሰር ላይ ሲደርስ በቀጭኖቹ ነርቮች የሚመጣውን የሕመም መልእክት በር ላይ ያስቆመዋል። ይህን ሐሳብ ሜልዛክና ዎል እ.ኤ.አ. በ1965 አሳትመውታል፤ ቴንስም የተሠራው በዚያ ላይ ነው። ዘገምተኛው ንዝረት ደግሞ አንጎል ራሱ የሚያመነጨውን፣ ከሞርፊን ጋር የሚመሳሰል ማስታገሻ ይቀሰቅሳል።

በኤሌክትሪክ ሕመም ማስታገስ አዲስ ነገር አይደለም። ሮማዊው ሐኪም ስክሪቦኒየስ ላርገስ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለራስ ምታትና ለሪህ ቶርፒዶ የሚባለውን የሚነዝር የባሕር ዓሣ ያዝ ነበር። የእኛው አባይ ታች ግብፅ ሲደርስም የሚነዝር ዓሣ አለበት፤ የጥንት ግብፃውያን በመቃብር ግድግዳ ላይ ሥለውታል። ልዩነቱ ዓሣው ማዞሪያ የለውም።

ጥያቄ፦ የባጃጅ ሹፌር ነኝ፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት እሠራለሁ። ወገቤን ስለሚያመኝ ቴንስ ገዛሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ተአምር ነበር። አሁን ግን እስከ መጨረሻው ባዞረውም አልረካም። ተበላሸ ወይስ ገላዬ ለመደው? እየነዳሁ ማሰርስ እችላለሁ? (ከቀበሌ 14)

መልስ፦ እየነዱ ማሰር ፈጽሞ አይቻልም። የላላ ፓድ ወይም ገመድ ጉብታ ላይ ሲነጥር ይለቅና መልሶ ሲገናኝ በድንገት ይመታል፤ እጅዎ መሪውን ይዞ ይዘላል።

ወደ ማሽኑ እንመለስ። መጀመሪያ ባትሪውን ይጠርጥሩ። ባለ 9 ቮልቱ ድንጋይ ሲደክም መብራቱ ይበራል፣ ኃይሉ ግን ይወርዳል። አዲስ ድንጋይ ካልለወጠው ሁለቱን ፓዶች ክንድዎ ላይ አራት ጣት አራርቀው ይለጥፉና ገመዶቹን ያቀያይሩ። ደካማው ገመድ በሌላኛው ቀዳዳም ደካማ ከሆነ ገመዱ ውስጡን ተቆርጧል፤ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ፒኑ አጠገብ ነው፣ ሰዎች ፒኑን ሳይሆን ገመዱን ይዘው ስለሚነቅሉ። ገመዱ ደህና ከሆነ ፓዱን ይመርምሩ። ተለጣፊ ፓድ በአብዛኛው ከ20 እስከ 30 ጊዜ ያገለግላል። በላብና በአቧራ የተሸፈነ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ሁሉም ደህና ከሆነ ገላዎ ለምዶታል። በየቀኑ በአንድ ዓይነት ፍጥነትና ኃይል ሲሰጥ በ4ኛው በ5ኛው ቀን አካባቢ ጥቅሙ መውረድ እንደሚጀምር ሙከራዎች አሳይተዋል። መድኃኒቱ መቀያየር ነው። አንድ ቀን ከ80 እስከ 100 ሄርዝ፣ በማግስቱ ከ2 እስከ 4 ሄርዝ ያድርጉት። በዘገምተኛው ጊዜ የምቱን ስፋት ወደ 200 ማይክሮሰከንድ አድርገው ጡንቻው ታክ ታክ ሲል በዓይን እስኪታይ ድረስ ይጨምሩ፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል። ማሽኑ ራሱ የሚቀያይርበት ምርጫ ካለው እሱንም ይጠቀሙ። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ያሳርፉት።

ቡናም አለ። ካፌይን የሚዘጋው አዴኖሲን የሚባለውን ንጥረ ነገር መንገድ ነው፤ ቴንስ ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ እሱ ነው። በጤነኛ ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ ካፌይን የቴንስን ጥቅም ቀንሶታል። ቡና ይተው ማለታችን አይደለም፤ ባሕር ዳር ላይ ተቀምጦ ይህን የሚል ሰው ሰሚም አያገኝ። ግን ከአቦል እስከ በረካ ጠጥተው ወዲያው ማሽኑን አይጠቀሙ።

ፓዶቹ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ጡንቻው ላይ ይለጠፉ፤ አጥንቱ ላይ አይሁኑ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በቀን 14 ሰዓት ተቀምጦ የሚንቀጠቀጥ ወገብ በማሽን አይረጋም። ናይስ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ለወገብ ሕመም ቴንስ አይስጥ ያለውም ጥቅሙን የሚያሳይ በቂ ማስረጃ ስላላገኘ ነው። በየሰዓቱ ወርደው እጅዎን ወገብዎ ላይ አድርገው 10 ጊዜ ወደ ኋላ ይለጠጡ፤ ተራ እየጠበቁ ይራመዱ እንጂ ባጃጁ ውስጥ አይቀመጡ።

ሽንት ካልታዘዘ፣ በመቀመጫዎ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም እግርዎ ከሰነፈ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስና የማይለቅ የወገብ ሕመም አንድ ላይ ከመጡ የአከርካሪ ቲቢ መመርመር አለበት። ይህን በቴንስ እያስታገሱ መቆየት አከርካሪን ያስጎብጣል።

ጥያቄ፦ አባታችን ስኳር ካለበት 15 ዓመት ሆኖታል። ሌሊት ውስጥ እግሩን ያቃጥለዋል። ጎረቤታችን ቀይ የሚሞቅ መብራት አለው፤ እሱን እናድርግለት ወይስ ቴንስ? (ከዘጌ)

መልስ፦ መብራቱን አታድርጉለት። ኢንፍራሬድ መብራት ስሜቱ ሙሉ ለሆነ ሰው ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ርቆ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይሰጣል፤ ደኅንነቱ ግን የቆመው «በዛብኝ» በሚለው በታካሚው ቃል ላይ ነው። ስኳር የቆየበት እግር ያቃጥላል እንጂ የውጭውን ሙቀት ላያውቅ ይችላል። ቆዳው ውኃ ቋጥሮ ሲታይ ነው የሚታወቀው። ለዚህም ነው ማታ ማታ እግርን በሙቅ የጨው ውኃ መዘፍዘፍ ለስኳር ሕመምተኛ አደገኛ የሚሆነው።

ስሜቱን በቤት እንዲህ ትፈትኑታላችሁ። አባታችሁ ዓይናቸውን ይጨፍኑ። ጥጥና ደነዝ ያለ ስንጥር እያፈራረቃችሁ ውስጥ እግራቸውን፣ ጣቶቻቸውንና ቁርጭምጭሚታቸውን በጠቅላላ 10 ጊዜ በቀስታ ንኩ። የትኛው እንደሆነ በየጊዜው ይናገሩ። ሁለት ሦስቱን ከሳቱ ያ ቦታ መብራትም ቴንስም አይጠጋውም። ሐኪም ቤት ይህን የሚያጣሩት በ10 ግራም ሞኖፊላመንት፣ ማለትም ሲጫኑት በሚጎብጥ ክር ነው። ስሜቱ ደህና የሆነው ባታቸው ላይ ከሆነ ፓዶቹን እዚያ ለጥፎ መሞከር ይቻላል። ቆዳውን ከየሥራው በፊትና በኋላ ተመልከቱ።

የሌሊቱን ማቃጠል በዋናነት የሚያስታግሱት ስኳሩን መቆጣጠርና እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉ ሐኪም የሚያዛቸው መድኃኒቶች ናቸው። ወደ ሐይቁ በባዶ እግር አይውረዱ፤ ጫማ ከማድረጋቸው በፊትም ውስጡን በእጅ ዳብሱት።

ጥያቄ፦ ከተማ ውስጥ ክሊኒክ የምሠራ ጀማሪ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። አልትራሳውንዳችን አሮጌ ነው፤ ታካሚዎች ምንም አይሰማንም ይላሉ። መሥራቱን እንዴት ላውቅ? ጀል ሲያልቅብንስ ቫዝሊን ይሆናል?

መልስ፦ ምንም አለመሰማቱ ብልሽት አይደለም፤ በትክክለኛ መጠን የተሰጠ አልትራሳውንድ ቢበዛ ለብ ይላል። የማሽኑን ጭንቅላት፣ ማለትም ቆዳ ላይ የሚንሸራተተውን ክፍል፣ ወደ ላይ አዙረህ ጥቂት የውኃ ጠብታ አድርግበት፤ 1 ሜጋሄርዝ ላይ ያለ ማቋረጥ በ1 ዋት ለካሬ ሴንቲ ሜትር ለአፍታ ክፈተው። ውኃው ከተንቀጠቀጠና ከፈላ ድምፁ እየወጣ ነው። ስክሪኑ የሚያሳየው መጠን ትክክል መሆኑን ግን ይህ አይነግርህም፤ ለዚያ የኃይል መለኪያ ሚዛን ያለው ቴክኒሻን ያስፈልጋል። ጭንቅላቱን ደረቅ እንደሆነ በአየር ላይ ከፍተህ አትተወው፤ ራሱን ያሞቃል።

ቫዝሊን ድምፁን በደንብ አያሻግርም። ለእጅ፣ ለክርንና ለቁርጭምጭሚት ያለ ጀል የሚሠራበት መንገድ አለ። ውኃ አፍልተህ አቀዝቅዝ፤ ሲፈላ በውስጡ ያለው አየር ይወጣል። በፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ አድርገህ ጭንቅላቱን ከቆዳው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀህ አንቀሳቅስ። ቆዳው ላይ የሚያርፉትን የአየር አረፋዎች በየጊዜው ጥረግ። ይህ የሚሆነው ጭንቅላቱ ውኃ የማያስገባ መሆኑን ካረጋገጥክ ብቻ ነው።

ለጥልቅ ጡንቻ 1 ሜጋሄርዝ፣ ለቅርብ ጅማት 3 ሜጋሄርዝ ትመርጣለህ። ከጭንቅላቱ ስፋት እጥፍ በማይበልጥ ቦታ ላይ 5 ደቂቃ ያህል ሳታቆም አንሸራትት። ብትቆም አጥንቱ ላይ ሙቀት ይከማችና ታካሚው ከውስጥ የሚጠዘጥዝ ሕመም ይሰማዋል፤ ያኔ ኃይሉን ቀንስ። እርጉዝ ማሕፀን፣ ዓይን፣ የዘር ፍሬና ካንሰር ያለበት ቦታ አይነኩም። ማስረጃው ደካማ መሆኑንም አትርሳ። ታካሚው 20 ደቂቃ ብቻ ካለው አብዛኛውን ለእንቅስቃሴ ስጠው።

ጥያቄ፦ ክሊኒክ ውስጥ ሶኬት ላይ የሚሰካ ኢንተርፈረንሻል የሚባል ማሽን ታስሬ ሳለሁ መብራት ጠፋ፤ ሲመለስ በድንገት መታኝ። ያስፈራል? (ከግሽ አባይ)

መልስ፦ ይህ ማሽን ሁለት ፈጣን ሞገዶችን ለምሳሌ 4000 እና 4100 ሄርዝ አድርጎ ይልካል፤ ሲገናኙ ልዩነታቸው 100 ሄርዝ ሆኖ ይሰማል። አዳዲሶቹ መብራት ሲቋረጥ ኃይላቸውን ወደ ዜሮ ይመልሳሉ። በእጅ የሚዞር ማዞሪያ ያላቸው አሮጌዎቹ ግን ማዞሪያው የቆመበት ላይ እንዳለ ይጠብቃሉ፤ መብራቱ ሲመጣ ሙሉ ኃይሉ በአንዴ ይደርሳል። ያስደነግጣል እንጂ አንድ ጊዜ መመታቱ ለጤነኛ ሰው ጉዳት አያመጣም። መብራት እንደጠፋ ባለሙያው ማዞሪያውን ወደ ዜሮ ይመልስ፣ ገመዱን ከታካሚው ይንቀል፤ ይህን ካላደረገ እርስዎ ይንገሩት። ማሽኑ ስታብላይዘርና መሬት ያለው ሶኬት ያስፈልገዋል።

በዩኤስቢ የሚሞላው የቤት ቴንስም ከቻርጀር ጋር ተያይዞ ሳለ ገላ ላይ አይደረግ። ርካሽ ቻርጀር ውስጡ ቢቃጠል በ220 ቮልትና በቆዳዎ መካከል የሚቀር ነገር የለም።

ጥያቄ፦ የአምስት ወር እርጉዝ ነኝ፤ ወገቤን ያመኛል። ቴንስ ልጠቀም?

መልስ፦ ለጊዜው ይተዉት፤ ሆድና ወገብ ላይ በእርግዝና ጊዜ ያለ ባለሙያ አይለጠፍም። ምጥ ሲጀምር በጀርባ ላይ መጠቀም ግን የታወቀ ነው፤ ክትትል በሚያደርጉበት ቦታ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ፓዱ አልቆ ሌላ አጣሁ። በጥጥና በውኃ መተካት ይቻላል? የነበሩትስ በግንቦት ሙቀት ለምን ቶሎ ደረቁ? (ከፋሲሎ)

መልስ፦ ጥጥ አይሁን፤ ውኃው አንድ ጎን ቶሎ ይደርቅና እርጥቡ ጎን ይወጋል። የሚሻለው የካርቦን ጎማ ኤሌክትሮድ ነው። ፒኑ ይገጥም እንደሆነ የገመድዎን ጫፍ ይዘው ሄደው ይለኩ፤ ብዙዎቹ 2 ሚሊ ሜትር ናቸው። ጎማው ላይ የአልትራሳውንድ ጀል እስከ ጠርዙ እኩል ቀብተው በፕላስተር ያሰሩት። ሲጨርሱ በውኃ አጥበው ያድርቁት፤ ለረጅም ጊዜ ያገለግላል።

ተለጣፊውን በተመለከተ፣ ከተጠቀሙ በኋላ የመጣበትን ላስቲክ መልሰው ለጥፈውበት በሚዘጋ ከረጢት ውስጥ ያስቀምጡ፤ ፍሪጅ ካለ በር ላይ ያድርጉት። የባሕር ዳር የሚያዝያና የግንቦት ሙቀት፣ በተለይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ጀሉን ያተነዋል። መድረቅ ሲጀምር በጣትዎ አንድ ሁለት ጠብታ ንጹሕ ውኃ ቀብተው ተመልሶ እስኪጣበቅ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ጠርዙ ከተነሣ ግን አያባብሉት፤ የተነሣው ጠርዝ ነው ቆዳ የሚያሳርረው።